ክትፎው ይሁን፤ ቆጮውስ?

ወልቂጤ ውስጥ ክትፎ ቤት ገብቶ ቆጮውን የሚመልስ ሰው አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ከሚመልሱትም አንዷ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር አራት ሆነን ተቀምጠን ጣባው ሲቀርብ፣ ሦስታችን ቆጮውን ወደ ጎን ገፋ አድርገን ክትፎውን ከአይቡና ከጎመኑ ጋር በማንኪያ መብላት ጀመርን። አስተናጋጇ ደንግጣ መጣች። "ቆጮው ምን ሆነ? ደርቋል እንዴ?" አለችን። "ኖ፣ ኬቶ ላይ ነን" አልናት። ትንሽ አሰበችና "እሱ ደግሞ የትኛው ጾም ነው?" አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። እኛም ከመሳቅ በቀር መልስ አልነበረንም።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኬቶ ማለት የቀኑን ካርቦሃይድሬት ከ20 እስከ 50 ግራም ዝቅ አድርጎ አብዛኛውን ጉልበት ከስብ የማግኘት አመጋገብ ነው። 100 ግራም እንጀራ ብቻውን ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ስላለው፣ አንድ ሙሉ እንጀራ የበላ ሰው የዚያን ቀን ከኬቶ ወጥቷል ማለት ነው። ስኳርና ስታርች ሲጠፋ ጉበታችን ከስብ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል፤ አንጎልም ጡንቻም በእሱ ይኖራሉ። ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ራስል ዋይልደር ናቸው። የታሰበውም ለውፍረት ሳይሆን ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነበር።

ለእኛ ለጉራጌ አገር ሰዎች ነገሩ ከሌላው ይልቅ ይቀላል። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ንጥር ቅቤ፣ እንቁላል፣ ያለ ስኳር የተመታ አቮካዶ አለልን። በቅቤና በጨው የሚጠጣው ቡናችን እንኳ ውጭ አገር አዲስ ግኝት ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል። አያቶቻችን ስም አውጥተው አላሸጉትም እንጂ (የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል) ከእነሱ የተሰወረ ነገር አልነበረም።

እኔ የጀመርኩት ጥር ላይ ነው። በአምስት ወር ሰባት ኪሎ ቀነስኩ፤ ልብሴ ሰፋ፤ ሰው "ምን ሆንሽ?" ማለት ጀመረ። ከዚያ ልቤ ተነሣሣና ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ልዘጋጅ አልኩ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደውን 10 ኪሎ ሜትር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙው ሰው እየጨፈረ ነው የሚጨርሰው፤ እኔ ግን እሮጠዋለሁ ብዬ ለባልደረቦቼ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ጉብሬ በሚወስደው አስፋልት መሮጥ ያዝኩ። ሜዳው ላይ ምንም አልል። ዳገቱ ሲመጣ ግን እግሬ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደኛል፤ ልቤ ሳይደክም እግሬ እምቢ ይላል።

ስልኬን ስጠይቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፦ "ሪፊድ አድርጊ።" በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ካርቦሃይድሬት ብሉና ጡንቻችሁን ሙሉ ማለት ነው። ከዚህ የሚጥም ምክር የት ይገኛል? ቅዳሜ ቆጮ፣ እንጀራ፣ ማካሮኒ፤ ማታ ልደት ካለ ኬክ። እሑድም "ገና አልሞላም" እላለሁ። ሰኞ ሚዛኑ ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሬያለሁ፤ ደንግጬ ወደ ኬቶ እመለሳለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ኪሎዬ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም፤ ዳገቱም አልቀለለኝም። አምስት ቀን ያጠራቀምኩትን በሁለት ቀን እቁብ እንደወጣለት ሰው እበትነው ነበር።

ስህተቴ የት እንደነበረ ለመረዳት የሰውነትን ገንዘብ አያያዝ ማወቅ ነበረብኝ። ካርቦሃይድሬት ስንበላ የተረፈው ግላይኮጅን ሆኖ በጡንቻና በጉበት ይቀመጣል። ይህ በኪስ እንዳለ ጥሬ ገንዘብ ነው፦ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ያልቃል። በአንድ ጤነኛ ሰው ኪስ ያለው ከ400 እስከ 600 ግራም ገደማ ነው፤ ቢበዛ ወደ 2,400 ካሎሪ። ስብ ደግሞ ባንክ ያለው ነው። 10 ኪሎ የሰውነት ስብ ብቻ ከ70,000 ካሎሪ በላይ ይይዛል። ችግሩ ባንክ ሰልፍ አለው፤ የፈለግነውን ያህል በፈለግነው ደቂቃ አይሰጠንም።

ታዲያ ስንራመድ፣ ዘና ብለን ስንሮጥ ሰውነት ሰልፉን ይታገሣል፤ አብዛኛውን ወጪ ከስብ ይሸፍናል። ፍጥነት ስንጨምር ወይም ዳገት ስንይዝ ግን ጉልበቱ አሁኑኑ ስለሚያስፈልግ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ኬቶ ላይ ያለ ሰው ኪሱ ግማሽ ባዶ ነው። እኔ ሜዳው ላይ የማልቸገረውና ዳገቱ ላይ የምቆመው ለዚህ ነበር።

የት ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ ውድ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። እየሄዳችሁ አንድ ሙሉ ታሪክ ሳትቋረጡ ማውራት ከቻላችሁ በስብ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ብላችሁ አየር መሳብ ካስፈለጋችሁ ኪሳችሁ ተከፍቷል። ቁጥር ለሚወድ፣ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የልብ ምትን ከፍተኛ ግምት ማግኘት ይቻላል፤ ለእኔ ለ32 ዓመቷ 188 ይመጣል። ከዚያ 70 ከመቶው፣ ማለትም 130 አካባቢ፣ ወሬና ሩጫ አብረው የሚሄዱበት ነው። ግምት ስለሆነ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አንደበታችሁን እመኑ።

ይህ የግል ስሜቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ አምስት ብስክሌት ጋላቢዎች ለአራት ሳምንት ኬቶ በልተው ተፈትነው ነበር። በመካከለኛ ፍጥነት እስኪደክማቸው ሲጋልቡ የቆዩበት ጊዜ በአማካይ ከበፊቱ ብዙ አልተለወጠም። የኬቶ ሰዎች ይህን ጥናት በየአጋጣሚው ይጠቅሱታል፤ ፈተናው ፈጣን እንዳልነበረ ግን አይነግሩንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ሉዊዝ በርክና ባልደረቦቿ በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ የእርምጃ ውድድር አትሌቶችን አሠልጥነው አወዳደሩ። ካርቦሃይድሬት የበሉት በ10 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉ፣ ኬቶ የበሉት ስብ ማቃጠሉን በሚገባ ቢለምዱም ሰዓታቸው አልተሻሻለም። ምክንያቱ ስብ ሲቃጠል ለተመሳሳይ ጉልበት የበለጠ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ነው። እኛ ደግሞ አየሩ ሳሳ ባለበት ከፍታ ላይ ነን፤ ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች።

የእኛዎቹስ ምን ይበላሉ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የኢትዮጵያ ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ ለሰባት ቀን መዝኖ ነበር። ከጉልበታቸው 64 ከመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት ነው የሚመጣው። እንጀራ በልተው ነው ዓለምን የሚቀድሙት።

"ታዲያ ስድስት ቀን ኬቶ፣ አንድ ቀን ካርቦሃይድሬት ብናደርግ ሁለቱንም አናገኝም?" ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ኬፕታውን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ለዚሁ ጥያቄ የተሠራ ይመስላል። ስምንት ጋላቢዎች ስድስት ቀን ስብ የበዛበት ምግብ በልተው በሰባተኛው ቀን ካርቦሃይድሬት ጫኑ፤ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ጋለቡ። ጠቅላላ ሰዓታቸው ያን ያህል አልተጎዳም። በመሃል ባሉት አጫጭር የፍጥነት ዙሮች ላይ ግን ጉልበታቸው ቀነሰ። ኪሱ ሞልቶ ሳለ እጅ ማውጣቱን ረስቷል ማለት ነው፤ ስብ የለመደ ጡንቻ ካርቦሃይድሬቱን ቶሎ መጠቀም ይከብደዋል። አንድ ቀን ጠግቦ መብላት የሳምንቱን ነገር በአንዴ አያስተካክለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገባኝ ነገር አንድ ነው፦ ሪፊድ የሚገባው ለሥራው ነው እንጂ ለቅዳሜ አይደለም። በሳምንቱ ውስጥ ግላይኮጅን የሚጨርስ ሥራ ካልሠራሁ የምሞላው ባዶ ኪስ የለኝም፤ የሞላ ኪስ ላይ የተጨመረ ደግሞ ባንክ ነው የሚገባው፤ ወገብ ላይ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው ወደ 700 ካሎሪ ነው። የእኔ የቅዳሜና እሑድ ግብዣ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ሳምንቴን ቀየርኩት። ሦስት ቀን እያወራሁ የምሄድበት ወይም የምሮጥበት ነው፤ ለዚህ ምንም ካርቦሃይድሬት አልጨምርም፣ አያስፈልገኝም። ማክሰኞ ዳገት አለብኝ፦ ስድስት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሽቅብ በኃይል፣ ቁልቁል በእርምጃ። የዚያን ቀን ጠዋት ከመውጣቴ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ እበላለሁ፤ ወደ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል። ቅዳሜ ረጅሙን ስሮጥ ስመለስ ቆጮዬን እበላለሁ፤ ጡንቻ ግላይኮጅን በደንብ የሚቀበለው ከሥራ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነውና። እሱም አንድ ምግብ ነው እንጂ ሁለት ቀን አይደለም።

ይህን ስትሞክሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እኔን ብዙ አስከፍሎኛል። በሪፊድ ምግብ ላይ ቅቤው ይቀንሳል። በቅቤ የራሰ ክትፎ ከብዙ ቆጮ ጋር የመስቀል ምግብ ነው፤ በዓመት አንዴ ሲሆን ነፍስ ነው። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ሰውነት ካርቦሃይድሬቱን ሲያቃጥል ስቡን እንዳለ ወደ ባንክ ይልከዋል። እኔ አሁን ቆጮውን የምበላው ከጎመንና ከአይብ ጋር፣ ወይም ቀይ ሥጋ ካለ ቅቤ ጠብ ብቻ ተደርጎበት ነው። እናቴ ይህን ስታይ "ጎመን ለድሃ ነበር የምንለው" ብላ ትስቃለች።

በማግስቱ ሚዛን ላይ አትውጡ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ ሦስት ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ 400 ግራም ስትሞሉ ኪሎ ተኩል ይታያችኋል። ስብ አይደለም። በኬቶ የመጀመሪያ ሳምንት በፍጥነት የሚወርደው ኪሎም ይኸው ውሃ ነው፤ ማስታወቂያዎቹ የሚኩራሩበት። ከውሃው ጋር ጨው ስለሚወጣ ነው ራስ ምታቱና ድካሙ የሚመጣው። ደም ግፊት የሌለበት ሰው ቡናውን እንደ አያቶቹ በጨው ቢጠጣ ይረዳዋል።

ስለ አያቶቻችን ካነሣሁ አይቀር፣ ቆጮን እንደ ጠላት የሚያዩ ወዳጆቼ ላይ ቅሬታ አለኝ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቆጮ በልታ ወገቧ እንደ ቀጠነ ነው ያረፈችው። እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ቅርፊቱን ደግፈው፣ እግር አንሥተው፣ ከላይ ወደ ታች በሙሉ ጉልበት ሲፍቁ መዋል፤ ከዚያ መቆፈር፣ መቅበር፣ መጭመቅ፣ መሸከም። በቀን ያወጡትን ማታ ይመልሱት ነበር። እኛ ሥራቸውን ትተን ምግባቸውን ይዘን ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ ጥፋቱን በእንሰቱ ላይ ጫንነው።

ጾም የሚጾም ቤተሰብ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል ኬቶ እይዛለሁ ማለት ራስን ማሰቃየት ነው። እኔ በጾም ወራት ኬቶውን እተወዋለሁ፤ ሽሮና ምስር ከትንሽ እንጀራ ጋር እበላለሁ፤ በዚያ ጊዜ ፈጣኑን ልምምድ እጨምራለሁ፤ ኪሴ ስለሚሞላ። ልጆቻችሁን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም ወደዚህ አታስገቡ። እያደገ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያሳድድ የሚውል ልጅ ቆጮው የሱ ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ።

ወላጆቼ ያሉት ቡታጅራ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ካለባቸው ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ይወስዳሉ። እኔ ቀጥኜ ቤት በሄድኩ ቁጥር ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት "ዛሬ አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ከከተማው ወጣ ብለን ዘቢዳር ተራራን ፊት ለፊት እያየን ወደ ዳገቱ አቀናን። እሳቸው ሽማግሌ መባልን ስለማይወዱ እርምጃቸውን ከእኔ ጋር አስተካክለው ይሄዳሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ወሬ አቆሙ። "ደከመዎት እንዴ አባዬ?" አልኳቸው። "ምንም አልሆንኩም" አሉ፤ ግን ጥያቄዬን ዘግይተው ነበር የመለሱት። ዞር ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፤ ጠዋቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

አንዲት የሱቅ ባለቤት ስኳር በውሃ በጥብጣ ሰጠችን። እቤት ስንደርስ መለኪያው 61 አሳየ፤ ያውም ስኳሩን ከጠጡ በኋላ። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል። መንገድ ላይ ስንት ደርሶ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

እናቴ አፋጥጣ ስትጠይቃቸው ነው እውነቱ የወጣው። ለአሥር ቀን ቆጮም እንጀራም አልቀመሱም፤ ማታ ማታ እንጀራውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጡ ነበር። ኪኒኑን ግን እንደ ወትሮው ይውጣሉ። "ልጄ በዚህ ከዳነች እኔም ልዳን ብዬ ነው" አሉ። ይህችን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። እኔ ምን አመመኝና ነው የዳንኩት?

ሐኪማቸው ያስረዱን ነገር ቀላል ነው። ይህ ኪኒን ምግብ ይኑርም አይኑር ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብሎ ይገፋዋል። ካርቦሃይድሬቱ ሲጠፋ፣ በዚያ ላይ ዳገት ሲጨመር፣ ስኳሩ የሚወርድበት መሬት ያጣል። ኢንሱሊን ለሚወጉትም እንዲሁ ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስ ለብዙ የስኳር ሕመምተኞች ይጠቅማል፤ ግን መድኃኒቱ አብሮ መስተካከል አለበት፤ ያ የሚደረገው ደግሞ ከመጀመራችን በፊት ከሐኪም ጋር ነው። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ሰውም እንዲሁ። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ቅቤውን ሳያበዛ ደሙን ያስመርምር።

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ የሚከተለውን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ወይም ድንገት ዝም ማለት ሲታይ፣ ሰውየው መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ካልተነሣ ይደገም። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር ወደ አፉ አይጨመር፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው። እኔ አሁን ለእግር ጉዞ ስወጣ በኪሴ ከረሜላ አለ።

የአባቴ ኪኒን ተቀይሯል። ምሳ ላይ የእጃቸውን መዳፍ የምታህል ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበላሉ፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይራመዳሉ። እኔም ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር አብሬያቸው እወጣለሁ። ዳገቱን ትተን በሜዳው ነው የምንሄደው። እሳቸው በወጣትነታቸው መርካቶ ወርደው ሱቅ ውስጥ ሲያድሩ የነበረውን ታሪክ ይጀምሩልኛል፤ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አላቋርጣቸውም። ታሪኩ እስከቀጠለ ድረስ ፍጥነታችን ልክ ነው። ዝም ካሉ እርምጃዬን እቀንሳለሁ።